ክረምት፣ ጭቃና ዱካ፦ በመሃል አዲስ አበባ የእንስሳትን ዱካ ስለማንበብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ በጭቃ ፎቶ ይሞላል። ዘመድ ይልካል፣ ጎረቤት ይልካል፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ ይልካል። ከፎቶው ሥር ያለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «ይሄ የምንድን ነው? ጅብ ነው አይደል?» አብዛኛውን ጊዜ ጅብ አይደለም። እኔ የእንስሳት ባለሙያ አይደለሁም። ቀበና ወንዝ አጠገብ ያደግሁ፣ ጠዋት ጠዋት መሬት መሬት እያየሁ የመሄድ ልማድ ያለኝ ሰው ነኝ። እየደጋገምኩ የምመልሳቸውን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ዱካ ማንበብ ፈረንጆች በረዶ ላይ የሚያደርጉት ነገር አይደለም እንዴ? እኛ ጋ ምን አለ?

በረዶማ እኛም አለን። ግን የኛው ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ጎመኑን በሳስቶ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውሃ የሚሆነው ነው። ሜዳውን እንደ ነጠላ የሚያለብሰው ዓይነት አዲስ አበባ አይወርድም። አንዳንዴ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ራስ ዳሸን አካባቢ ይታያል፤ ያ ደግሞ ከፒያሳ ሩቅ ነው።

እኛ «ክረምት» ስንል ዝናብና ጭቃ ማለታችን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ አለ። ጭቃ ከበረዶ የሚያንስበትም የሚበልጥበትም ነገር አለው። በረዶ ላይ አንድን እንስሳ ከጉድጓዱ እስከ ቁርሱ ድረስ መከተል ይቻላል። ጭቃ እንዲህ አይመችም። ሦስት አራት ዱካ ታያላችሁ፣ ከዚያ አስፋልት ይመጣል፣ አለቀ። ግን ጥሩ ጭቃ ያገኘ እግር የጥፍሩን ጫፍ ሳይቀር ትቶ ይሄዳል። በረዶ ይህን የሚይዘው ስስና እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው።

መሃል ከተማ ድረስ የሚመጣው የምን የዱር እንስሳ ነው?

ጅብ ዋናው ነው። ጥርኝ አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ። ቀበሮና ጃርት ወደ እንጦጦው በኩል ይበዛሉ፤ ቢሆንም አልፎ አልፎ ወረድ ይላሉ። አይጡንና ወፉን ቤት ይቁጠረው። ቀይ ቀበሮ አየሁ የሚለኝ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ቀይ ቀበሮ ሰሜን፣ ባሌ፣ መንዝ ጓሳና የመሳሰሉት ደጋዎች ላይ ነው የሚኖረው። ቀበና ላይ የታየው ወይ ተራ ቀበሮ ነው ወይ ቡናማ ውሻ።

መንገዳቸው ወንዝ ነው። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር አካባቢ ነው፤ ውሃው ከዚያ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ከተማው ይወርዳል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንቲይቀጡ። እኛ መኪና ላይ ሆነን ድልድዩን ስናቋርጥ ወንዙን ረስተነዋል። ጅቡ አልረሳውም። ከላይ ጫካ፣ ከታች የሥጋ ትርፍራፊ፣ በመሃል ሰው በሌሊት የማይረግጠው ሸለቆ። ካርታ አያስፈልገውም።

የትና በስንት ሰዓት ልሂድ?

ጠዋት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ። ከዚያ በኋላ የተማሪና የሠራተኛ ጫማ ሁሉን ያጠፋዋል። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ስለሚጥል፣ ሌሊት የተረገጠው ጠዋት ላይ ትኩስ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ቦታ ሲመረጥ ጭቃ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥቁሩ መረሬ ከእግር ጋር ተነቅሎ ስለሚወጣ ዱካውን ያበላሸዋል። ሾርባ የሆነ ጭቃ ደግሞ ወዲያው ይገጥማል። ምርጡ ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል ዳር ላይ የሚተወው ደለል ነው። ለስላሳ፣ ቀጭን፣ ልክ እንደተለሰነ ግድግዳ። ቀጥሎ የኩሬ ዳርቻ፣ ቀጥሎ የግንባታ አሸዋ። ሕንፃ የሚሠራበት ግቢ በር ላይ የተቆለለ እርጥብ አሸዋ ካያችሁ ሳታዩት አትለፉ።

ወንዝ ዳር ስትወርዱ ብቻችሁን አትውረዱ። ክረምት ላይ ወንዙ ላይኛው አገር በጣለው ዝናብ ድንገት ይሞላል፤ እናንተ ጋ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ውሃውም ንጹሕ አይደለም። ቦት ጫማ አድርጉ።

የጅብንና የውሻን ዱካ በምን እለያለሁ?

ይሄን ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ጅቡን እርሱትና ውሻን ተማሩ። የሰፈራችሁ ውሻ ጭቃ ላይ ሲራመድ እዩት፤ ካለፈ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ የረገጠውን ተመልከቱ። ሲሮጥ፣ ሲቆም፣ ሲያዳልጠው እዩ። ሃምሳ የውሻ ዱካ ያየ ሰው፣ ሃምሳ አንደኛው የውሻ ካልሆነ ዐይኑ ራሱ ይነግረዋል። አንድም የውሻ ዱካ በቅጡ ሳያይ ጅብ ፍለጋ የወጣ ግን ያየው ሁሉ ጅብ ይሆንበታል።

ውሻም ጅብም ከፊትም ከኋላም አራት አራት ጣት ያሳርፋሉ። የሁለቱም ጥፍር ይታያል። ስለዚህ «ጥፍር አለው፣ እንግዲያው ጅብ ነው» የሚለው አያስኬድም። ልዩነቱ ቅርጹ ላይ ነው።

የውሻ ዱካ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። መሃል ለመሃል ብትከፍሉት ግራና ቀኙ ይመሳሰላል። ከጣቶቹ በስተኋላ ያለው ሰፊው ክፍል፣ መዳፉ እንበለው፣ ሦስት ማዕዘን ቢጤ ነው። በመዳፉና በጣቶቹ መካከል ከፍ ያለ ጭቃ ይቀራል። እዚያ ላይ በስንጥር የመስቀለኛ ምልክት ብታሰምሩ መስመሮቹ ጣት ሳይነኩ ያልፋሉ።

የጅብ ዱካ ጠመም ያለ ነው። መዳፉ ሰፊ ሆኖ የኋላ ጠርዙ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጣቶቹ ተጠጋግተው ነው የሚያርፉት፤ የዳርና ዳሩ ጣቶች እንደ አደንጓሬ ፍሬ ቆልመም ይላሉ። ጥፍሩ አጭርና ዱልዱም ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ግን የፊትና የኋላ እግሩ መጠን ነው። የፊቱ ከኋላው በግልጽ ይበልጣል። ጅብ ክብደቱን ፊት ላይ ነው የተሸከመው፤ ትልቅ ጭንቅላት፣ ደንዳና አንገት፣ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ጀርባ። የአንድ ትልቅ ጅብ የፊት ዱካ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሰፈራችን ውሻ 6 ወይም 7 ቢሆን ነው።

አካሄዱም ይናገራል። ውሻ ሥራ ፈት ነው። ግንብ ያሸታል፣ ይመለሳል፣ የላስቲክ ከረጢት ይጎትታል፣ ሌላ ውሻ አይቶ ይሮጣል። ዱካው እንደ ሰካራም መንገድ ይጠማዘዛል። ጅብ ግን ጉዳይ ያለው ሰው አካሄድ ነው የሚሄደው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። መስከረም 2 ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ሰው ቁርበቱን ወንዝ ዳር ይጥላል፤ ድሮ «ቆዳ ያለው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ሳይቀድመው አይቀርም ነበር። ጠዋት ቀበና ዳር ስወርድ ደለሉ ላይ ትልልቅ ዱካዎች ከአፋፉ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ሲወርድ የፊት እግሮቹ ጥልቅ ብለው ገብተዋል። አንድ ቦታ ላይ ዱካው ተደራርቧል፤ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሲመለስ፣ ከግራ እግሮቹ ጎን ለጎን አንድ ሰፊ የተጎተተ ነገር መስመር አለ፤ መስመሩ ውስጥ ነጫጭ የበግ ፀጉር ተጣብቋል። ቁርበቱን በግራ በኩል አንጠልጥሎ ነው የሄደው። ሁለት ጊዜ አስቀምጦ አረፍ ብሏል። ከእኔ ቁመት በላይ የሆነውን አፋፍ ግን ሳያርፍ ነው የወጣው። ጅቡን አላየሁትም። ያየሁት ያህል ግን አውቀዋለሁ።

«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ይባላል። ዱካው ላይ ያነክሳል?

አያነክስም። ጀርባው ስለሚያዘቀዝቅና የኋላ እግሮቹ አጠር ስለሚሉ ከሩቅ ሲታይ የሚያነክስ ይመስላል። ዱካው ግን እኩል ነው። እውነት ያነከሰ እንስሳ አንዱ እርምጃው ያጥራል፣ አንዱ እግሩም ሳሳ ብሎ ያርፋል። ተረቱ ስለ ሰው ነው፤ እዚያው ይሠራል።

ጥፍር አይታይም። ነብር ይሆን?

ድመት ናት።

አብዛኛው የድመት ዘር ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ነብርም፣ አንበሳም፣ ቤታችሁ ያለችውም። ዱካው ክብ ነው፣ የመዳፉ የኋላ ጠርዝ ሦስት ጉብ ጉብ አለው። የቤት ድመት ዱካ 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ባለ 1 ብር ሳንቲም ብታስቀምጡበት ይሸፍነዋል ማለት ይቻላል። የነብር ከሆነ ሳንቲሙ መሃሉ ላይ ጠፍቶ ይቀራል። እስካሁን የተላከልኝን «ነብር» ሁሉ ሳንቲሙ ሸፍኖታል።

ዱካው የመቼ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው ይሄ ነው። ዱካውን ማንም ያያል። ሰዓቱን ማወቅ ግን ትንሽ መርማሪ መሆን ነው።

ሰዓታችሁ ዝናቡ ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ዝናቡ ስንት ሰዓት እንደቆመ ልብ በሉ። ጠዋት ዱካው ውስጥ የነጠብጣብ ጉድጓዶች ካሉ፣ ጠርዙም ከለሰለሰ፣ ከዝናቡ በፊት ነው የተረገጠው። ጠርዙ ስል ከሆነና በዙሪያው ያለው ጭቃ በነጠብጣብ የተበሳሳ ሆኖ የዱካው ወለል ግን ለስላሳ ከሆነ፣ ከዝናቡ በኋላ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ካባራ፣ እናንተም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ፣ እንስሳው በነዚያ ዘጠኝ ሰዓታት ውስጥ አልፏል። ውሻው ስንት ሰዓት ላይ እንደጮኸ ካስታወሳችሁ ደግሞ ይጠብባል። መቼም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነውና፣ ከጩኸቱ ትንሽ ቀደም አድርጉት።

ዱካው ውስጥ ውሃ ከቋጠረ ውሃውን እዩ። የደፈረሰ ከሆነ የረገጠው ብዙ አልራቀም፤ ጭቃው ገና ወደ ታች አልዘቀጠም። ውሃው ከጠራ ቆይቷል። አንድ ጠዋት የደፈረሰ ውሃ የያዘ ትልቅ ዱካ አገኘሁና ቆምኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ከዚያ በመጣሁበት መንገድ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። አንዳንዴ ንባብ መቆም ያለበት ጊዜ አለ።

ሌላው፣ ዱካው ላይ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አቋርጦት ያለፈ የትል መስመር፣ የደረቀና የተሰነጠቀ ጠርዝ፣ ሁሉም ጊዜ ይቆጥራሉ። ራሳችሁን ማሠልጠን ከፈለጋችሁ ግቢያችሁ ውስጥ አውራ ጣታችሁን ጭቃ ላይ ተጫኑ። በየሁለት ሰዓቱ እየሄዳችሁ እዩት። አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

ኩስና ሌላ ምልክትስ?

አማርኛችን እዚህ ላይ ሀብታም ነው። የከብት እበት ነው፣ የፈረስና የአህያ ፋንድያ፣ የፍየልና የበግ በጠጥ፣ የዶሮና የወፍ ኩስ። አያቶቻችን ሳያዩት አልሰየሙትም።

የጅብ የሚታወቀው በንጣቱ ነው። አጥንት ስለሚፈጭ፣ ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ይሆናል። ክረምት ላይ ትኩሱ አረንጓዴ ቢጤ ነው። ጥርኝ ደግሞ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚጸዳዳው። ውስጡ የፍራፍሬ ዘር፣ የጥንዚዛ ቅርፊት፣ ፀጉር ይገኛል። ጥርኝ ያው ለሽቶ የሚሆነው ዝባድ የሚወሰድበት እንስሳ ነው። እሱም መሽቶ ነው የሚወጣው፣ ዱካውም እንደ ውሻ ጥፍር ያሳያል፤ ግን አነስ ያለና ክብ ነው። አንዳንዴ አምስተኛ ጣት ይታያል፤ ታየ ማለት ውሻ አይደለም።

ጃርት ያለፈበት መሬት የተቆፈረ ሥር፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ጥቁርና ነጭ እሾህ ይኖረዋል። ጃርት እሾሁን አይወረውርም። ይወልቅበታል እንጂ።

በእጃችሁ ምንም አትንኩ። በስንጥር ገልብጡ፣ አታሽትቱ፣ ቤት ስትገቡ በሳሙና ታጠቡ። ሥጋ የሚበሉ እንስሳት ኩስ ለሰው የሚተርፍ ትላትል ሊኖረው ይችላል።

ኮርኒሳችን ላይ ሌሊት የሚሮጥ ነገር አለ። ጭቃ የለም። ምን ላድርግ?

በረዶ የለንም እንጂ ዱቄት አለን። የሚመላለስበትን ቦታ ገምቱ፤ የግድግዳ ጥግ፣ የቆርቆሮው ቀዳዳ አፍ፣ የቁምሳጥን ጀርባ። ስስ አድርጋችሁ የስንዴ ዱቄት በወንፊት ንፉበት። ስስ ይሁን፤ ካበዛችሁት ዱካ ሳይሆን ግብዣ ነው የምታዘጋጁት። የጤፍ ዱቄት ለዚህ አይባክንም።

ጠዋት ባትሪ ከጎን አብሩበት። አይጥ ከሆነ የፊት እግሩ አራት ጣት፣ የኋላው አምስት ጣት ነው፤ በመሃል የጭራው መስመር ሊኖር ይችላል። ኩሱም ይለያል። የትንሿ አይጥ የኑግ ፍሬ ያህል ነው፤ የትልቁ አይጥ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ክብ ሆኖ የሕፃን ድመት የሚመስል፣ ሆኖም አምስት ጣት የሚያሳይ ከሆነ ሸለምጥማጥ ነው። ዶሮ ካላችሁ ዛሬውኑ የቆጡን በር ጠግኑ።

ወፍና ኮቴ ያላቸውስ?

አብዛኛው ወፍ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ሣር ላይ በእርሳስ የተወጋ የሚመስል ብዙ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ጠዋት ጠዋት እየተንጫጫ የሚያልፈው ረጅም ቆልማማ መንቁር ያለው ወፍ ትል ሲያወጣ ነበር ማለት ነው።

ኮቴው ያልተሰነጠቀና ሞላላ ከሆነ አህያ ነው፤ ፈረስ ሰፋና ክብ ይላል። ለሁለት ከተሰነጠቀ መሃል ከተማ ላይ በግና ፍየል ነው፣ በተለይ በዓል ሲቀርብ። ድኩላ ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ ድኩላው እንጦጦ ነው።

ኮሪደር ልማቱ ጭቃውን አላጠፋባችሁም?

ቀንሶታል፤ ወንዝ ዳሩም ብዙ ቦታ በድንጋይ ተለብጧል። እግሬ ደስ ብሎታል፣ ዐይኔ ትንሽ ቅር ብሎታል። ግን ያልደረቀ ሲሚንቶም ጭቃ ነው። አዲስ የተሠራ የእግረኛ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ቦታ፣ ድመት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አምስት እርምጃ ሄዳ፣ ስድስተኛው ላይ እግሯን አራግፋ፣ ወደ ጎን ዘላለች። የተራገፈው ጠብታ ሳይቀር ደርቆ አለ። በየቀኑ መቶ ሰው ይረግጠዋል፣ ማንም አያየውም።

ዱካውን ቤት መውሰድ እፈልጋለሁ።

ጀሶ ግዙ። የሃይላንድ ላስቲክ ታችና ላዩን ቆርጣችሁ ቀለበት ሥሩለትና ዱካውን ክበቡት። ውሃ ከቋጠረ በጨርቅ ጫፍ ምጠጡት። ጀሶውን ውሃው ላይ እየነሰነሳችሁ እንደ ወፍራም አጥሚት አዋህዱ። ዱካው ላይ በቀጥታ አታፍስሱ፤ ከጠርዝ ጀምሮ ራሱ እየፈሰሰ ይግባ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ክረምት ላይ ብርድ ስለሆነ ጨምሩበት። ስታወጡት ከሥሩ ከነጭቃው ቆፍራችሁ አውጡ እንጂ አትጎትቱ። በማግስቱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። የወጣው ጉድጓዱ ሳይሆን እግሩ ራሱ ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ያጋባል።

ፎቶ ብቻ ከበቃችሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች አንሱ። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላ ስለማይኖር ዱካው ይጠፋል። ከላይ ቀጥ ብላችሁ፣ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ። ያለ መለኪያ የሚላክልኝ ፎቶ ላይ እኔም ልክ እንደናንተው እገምታለሁ።

ካናዳ ያለችው የእህቴ ልጅ የበረዶ ላይ ዱካ ላከችልኝ። ይሄስ ይነበባል?

ይነበባል፣ ደንቡ ግን ይለያል። ጣት አትፈልጉ፤ የአረማመዱን ቅርጽ እዩ። ሁለት ትልልቅ ጎን ለጎን፣ ከኋላቸው ሁለት ትንንሽ ፊትና ኋላ ሆነው ካሉ ጥንቸል ናት። ስትዘል የኋላ እግሮቿ የፊቶቹን አልፈው ስለሚያርፉ፣ ትልልቆቹ ያሉበት ወገን ነው የሄደችበት። ሰው ብዙውን ጊዜ ገልብጦ ያነበዋል። ትንንሾቹም ጎን ለጎን ከሆኑ ዛፍ ላይ የሚወጣው ሽኮኮ ነው። በአንድ መስመር፣ በክር የተሰካ የሚመስል ዱካ ከሆነ ቀበሮ መሆኑ አይቀርም፤ የኋላ እግሩን የፊተኛው በረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያሳርፈው። ፀሐይ የመታው በረዶ ዱካውን እያቀለጠ እንደሚያሰፋው ግን ንገሯት። በሁለተኛው ቀን የጎረቤት ድመት አስፈሪ አውሬ ትሆናለች።

አደጋ የለውም?

ጅብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ይሸሻል። መንገድ ላይ ለሚተኛ ሰውና ለትንሽ ልጅ ግን አደጋ ነው፤ ይሄን ማለሳለስ አያስፈልግም። ዱካ ስትከተሉ ወደ ኋላ፣ ወደ መጣበት፣ ተከተሉ። ወደ ጉድጓድ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ካመራ ተዉት።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ማንኛውም እንስሳ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ጠንቋይም፣ «ቆይ እንየው»ም አያስፈልግም።

ያገኛችሁትን እንስሳ መግደልም ሆነ ማጥመድ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ አለ። ሰፈሩን ያስቸገረ ነገር ካለ ለወረዳው ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ነው።

አንተ ተሳስተህ አታውቅም?

ነሐሴ ነበር። በራችን ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዱካ አገኘሁ። ለካሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሁ። መጠኑን ብቻ አይቼ ቅርጹን አላየሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ቤቱ ገባ። አንዷ ጎረቤታችን ልጆቿን እስከ ክረምት ትምህርት ቤታቸው በር ድረስ መሸኘት ጀመረች።

በአራተኛው ቀን የግቢያችን ዘበኛ ጠራኝ። ከጎናችን አዲስ የገቡት ሰዎች ጥጃ የሚያክል ውሻ አላቸው። ዘበኛው በቁራሽ ዳቦ አባብሎ አምጥቶታል። ውሻው ጭቃው ላይ መጥቶ ቆመ፣ እግሩን አንስቶ ልክ ከአሮጌው ዱካ አጠገብ አሳረፈው። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር። መሃሉ ላይ የመስቀለኛው ምልክት ጥርት ብሎ ይታያል።

ዘበኛው ጋቢውን አስተካከለና «ጋሼ፣ ጅብዎ ቁርስ አልበላም» አለኝ።